ስለ ልጆች የክረምት ኳስ ካምፓችን የዘንድሮ ምዝገባ እና ስለ "የድሮ ልጆች" ለወላጆች

ውድ ደንበኞቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ከረማችሁ።

ባለፈው ሰኞ በራችን ላይ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በካፊያ ተሰለፋችሁ፣ ልጅ ያዘለችም ነበረች፣ ተራችሁ ሲደርስ "ይሄ ሳምንት ለድሮ ልጆች ቤተሰብ ነው፣ እናንተ የሚቀጥለው ሳምንት ኑ" ተባላችሁ። የድሮ ልጆች የምንላቸው በልጅነታቸው እዚሁ ካምፕ ያደጉትን ነው። ቀድመን መናገር ነበረብን፣ አልተናገርንም፣ ይቅርታ አድርጉልን። በር ላይ አንዲት ወረቀት እንኳን አለመለጠፌ የኔ ጥፋት ነው፣ መዝጋቢዋ ልጅ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፣ ንዴቱን ወደኔ አዙሩት።

ለነሱ ቤተሰብ ቦታ የያዝንበትን ውሳኔ ግን እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ። ከሰኞ ወዲህ "ካምፑ የዘመድ ሆነ፣ ለሚያውቁት ነው የሚሰጡት" የሚለው ወሬ ከፒያሳ ዞሮ ቤቴ ድረስ መጥቷል፣ እውነቴን ነው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ካምፑን የጀመረው ባለቤቴ ነው። የስፖርት አስተማሪ ነበር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ መንገድ ለመንገድ ሲውሉ እያየ ይብሰለሰል ነበር፣ በኋላ በሶስት ኳስና በአንድ ፊሽካ ጀመረው። እኔ ሻይና ዳቦ አቀርባለሁ፣ ስም እመዘግባለሁ። የመጀመሪያው መዝገብ አሁንም እኔ ጋ አለ፣ ተራ ደብተር ነው፣ ዳር ዳሩን ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ከዛ የጫማ ቁጥር። የጫማ ቁጥር የምንጽፈው ባዶ እግሩን የሚመጣ ልጅ ስለነበረ ሸራ ጫማ ልንገዛለት ነው። ስልክ አልጻፍንም፣ ያኔ ስንቱ ቤት ስልክ ነበረና። ስልጠናው ጠዋት 1 ሰዓት ተጀምሮ ከ6 ሰዓት በፊት የሚያልቀውም የሱ ስርዓት ነው፣ የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት ሰማዩ ከጠቆረ ሜዳው ጭቃ ነው።

ባለቤቴ ሲያርፍ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አንድ ጺሙን ያሳደገ ረጅም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ አላወቁኝም፣ እኔ 34 ቁጥር ነኝ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ለቅሶዬን ትቼ ደብተሩን አስመጣሁ፣ አለ፣ ስሙ አለ፣ አዘዞ ይላል፣ ከጎኑ 34። መተማ መስመር የሚሰራ ሹፌር ሆኗል፣ መርዶውን ሰምቶ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ነው የመጣው። በሰልስቱ ማታ እሱና ሌሎች ሶስት አራት ልጆች ደብተሮቹን ገጽ በገጽ በስልካቸው ፎቶ አነሱ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ፣ ሰፈር ለሰፈር ተከፋፍለው መፈለግ ጀመሩ፣ አራዳ፣ ማራኪ፣ ቀበሌ 18፣ እናትየዋን ሱቅ አግኝተው "ልጅሽ የት ገባ" እያሉ። የድሮ ልጆች ህብረት ማለት ይሄ ነው፣ ለገበያ ብዬ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ነገር አይደለም፣ ከለቅሶ ቤት ነው የወጣው።

አሁን በየዓመቱ ለጥምቀት አገር ቤት የሚመጣው ብዙ ስለሆነ ጥር 11ን ጥምቀተ ባሕር ውለው በማግስቱ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ጠዋት ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፣ የድሮዎቹ ካሁኖቹ ይጫወታሉ። ያኔ በእጄ ዳቦ የሰጠሁት ልጅ የራሱን ልጅ እጅ ይዞ ሲመጣ ማየት፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

ወደ ውሳኔው ልምጣ። በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛም ዘጋን። በ2013 ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው በደስታ አበደ፣ በዛ ክረምት ልጅ መቀበያ አጣን፣ ሁሉም ልጁን ተጨዋች ማድረግ ፈለገ (እኛ ተጨዋች እናወጣለን ብለን ለማንም ቃል ገብተን አናውቅም፣ ልጁ እንዲሮጥ፣ እንዲከባበር፣ ሰው እንዲያውቅ ነው)። ከዛ ደግሞ መንገዱ አስጊ የሆነባቸው ክረምቶች መጡ፣ ወላጅ ልጁን ከቤት አላስወጣ አለ፣ አልፈርድም፣ እኔም እናት ነኝ። ሐምሌ 2016 ዶላር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ኳሱም ታኬታውም ኮኑም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው አልቀመስ አለ፣ የሜዳ ኪራይ ጨመረ፣ ዳቦው እንኳን አነሰና ዋጋው ወጣ። የፈነዳ ኳስ ጫማ ሰፊ ጋ እየወሰድን ካላማዳሪውን እያስለጠፍን ነው ሁለት ክረምት የገፋነው። ልዘጋው ወስኜ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

ያላዘጉኝ የድሮ ልጆች ናቸው። አንዷ ነርስ ናት፣ የዓመት ፈቃዷን ሐምሌ ላይ እየወሰደች ሜዳ ዳር የቁስል መጠቅለያ ይዛ ትቆማለች። ግንበኛው ሽንት ቤቱን በነጻ ሰራው። አዲስ አበባ ያሉት ኳስ ላኩ፣ ውጭ ያሉት የሜዳውን ኪራይ ግማሽ ከፈሉ። ከአሰልጣኞቻችን አራቱ ከዚሁ ደብተር የወጡ ናቸው፣ የሚያገኙት አበል ለታክሲ ቢበቃ ነው። እነዚህ ሰዎች ከኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ልጆቻችን እኛ ያደግንበት ሜዳ ላይ ይደጉ"። እንቢ ማለት ነበረብኝ? ንገሩኝ እስኪ።

ካለን 120 ቦታ 40ውን ነው የያዝነው። ከ40ው ደግሞ 15ቱ የማንም ዘመድ አይደሉም፣ መክፈል የማይችሉ ልጆች ናቸው፣ የሚከፍሉላቸው የድሮ ልጆች ናቸው፣ ማን እንደሆኑ ሜዳ ላይ አይነገርም። 80 ቦታ አሁንም የእናንተ ነው። "ዋጋ የጨመራችሁት ለነሱ ነው" ያላችሁኝ አላችሁ፣ እሱ ግን ልክ አይደለም፣ እነሱ ባይኖሩ ጭማሪው እጥፍ ይሆን ነበር፣ ደረሰኙን ማየት የፈለገ ቢሮ ይምጣና አሳያለሁ።

ደግሞ የእናንተም ልጅ አንዴ ከገባ በቃ እዛው መዝገብ ላይ ነው። ዘንድሮ ስልክም እንጽፋለን፣ የእናትም የአባትም፣ ነገ አድጎ ሲበተን ፍለጋ እንዳንወጣ።

ሰኞ ዕለት ተናደው የሄዱ፣ በተለይ ሶስት ልጆቿን በተከታታይ እኛ ጋ ያሳደገችው እናት፣ ስልክሽን አላነሳሽልኝም። ያንቺ ትልቁ ልጅ እኮ ራሱ የድሮ ልጅ ነው፣ ታናሹ ከ40ው ውስጥ ይገባ ነበር፣ በደንብ ስላላስረዳን ነው የሄድሽው። ቦታውን ይዤልሻለሁ።

ምዝገባው ለሁላችሁም ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል። ሰኞ ተሰልፈው የተመለሱትን ስም መዝጋቢዋ ይዛዋለች፣ እነሱ ይቀድማሉ፣ ሰልፍ አያስፈልጋቸውም። አንድ ጉርድ ፎቶ እና የልጁን የጫማ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ዝናብ ከጣለ ሸራ እንወጥራለን፣ ሻይ እኔ ራሴ አፈላለሁ።

የካምፑ ባለቤት
ጎንደር