ቲሩኩራልን በእንግሊዝኛ በኩል ስናነብ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጥበብ ዓምዳችሁ ከደቡብ ሕንዶቹ ታሚሎች የጥንት የጥበብ ግጥም መጽሐፍ፣ ከቲሩኩራል፣ የተቀዳ ቃል ሲያወጣ «የሕንዶች አባባል» ብቻ ብሎ እንዳያልፈው እለምናለሁ። ሁለት ነገር ይታከልበት፦ የግጥሙ ቁጥርና ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሰው ስም። አብዛኞቻችን ይህን መጽሐፍ የምናገኘው በእንግሊዝኛ በኩል ነውና፣ የማን እንግሊዝኛ እንደሆነ ማወቅ ትርፍ ጉዳይ አይደለም።

በቁጥሩ ልጀምር። የደራሲው የቲሩቫሉቫር መጽሐፍ 1330 ባለ ሁለት ስንኝ ግጥሞች አሉት፤ 133 ምዕራፍ፣ በየምዕራፉ አሥር አሥር። ስለዚህ 391 ቁጥር የ40ኛው ምዕራፍ መነሻ፣ 400 ደግሞ መድረሻው ነው። ቁጥር ያለው ጥቅስ በደቂቃ ይጣራል። ቁጥር የሌለው ግን ማጣሪያ የለውም፤ ደራሲው ያላለውም ሁሉ በስሙ ይለጠፋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ የዛሬው ቁጥር የተከተለው መጽሐፉን በታሚል ያብራራውን የ13ኛውን መቶ ዓመት ሊቅ የፓሪሜላላገርን ቅደም ተከተል ነው፤ የቀደሙት ሊቃውንት አደራደር በየቦታው ይለያል።

ምዕራፎቹ በሦስት ይከፈላሉ። 38ቱ ስለ ምግባር፣ 70ዎቹ ስለ መንግሥትና ስለ ኑሮ፣ 25ቱ ስለ ፍቅር ናቸው። በሕንድ ደቡባዊ ጫፍ በካንያኩማሪ የቆመው የደራሲው ሐውልትም 133 ጫማ የሆነው በምዕራፎቹ ልክ ነው፤ መቆሚያው ብቻ 38 ጫማ ነው፣ ምግባር የሁሉ መሠረት ነው ለማለት።

ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ብዙ ናቸው። ድሩ የሚባል ተርጓሚ የጀመረውን ዝርው ትርጉም ላዛረስ በ1885 ፈጸመው። ፖፕ ሙሉውን በግጥም መልሶ በ1886 አሳተመ። አይየር በ1916 ተከተለ። እያንዳንዱ የሚጥለውና የሚጨምረው አለ፤ ይህን ለማየት 129 ቁጥር ይበቃል። ታሚሉ ቃል በቃል ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «በእሳት ያቃጠሉት ቁስል ውስጡ ይሽራል፤ በምላስ ያቃጠሉት ጠባሳ ግን አይሽርም።» ድሩ ሁለቱንም «ቁስል» ብሎ አንድ አደረጋቸው። ፖፕ ደግሞ ሥጋ፣ ነፍስ፣ ተፈጥሮ የሚሉ ቃላት ጨመረ፤ ሦስቱም በታሚሉ ውስጥ የሉም። የግጥሙ ኃይል ግን ያለው ቁስልና ጠባሳ በመለያየታቸው ላይ ነው። ፓሪሜላላገር ሲያፍታታው፣ የእሳቱ ቃጠሎ በገላ ላይ ቢቀር እንኳ ከልብ ውስጥ ስለሚሽር ቁስል ተባለ፣ የምላሱ ግን ከዚያው ከልብ ስለማይወጣ ጠባሳ ተባለ ይላል። አንድምታ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ አነባበብ አይደለም። አማርኛ ሁለቱን ቃላት አሟልቶ ይዟል፤ ከእንግሊዝኛው ብቻ የሚመልስ ሰው ግን ሊጠቀምባቸው አይችልም፣ ልዩነቱን አላየውማ!

እዚሁ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ይህን ግጥም ሲያነብ «የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፣ የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል» የሚለው ትዝ ይለውና በቦታው ይተካዋል። ተረቱ ግሩም ነው፣ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ወለምታው የደረሰው በተናጋሪው ላይ ነው፤ የታሚሉ ጠባሳ ያለው በሰሚው ላይ ነው። ተረታችንን ከትርጉሙ ጎን እንደ ማነጻጸሪያ ማቆም ይቻላል። በትርጉሙ ቦታ ማስቀመጥ ግን ቲሩቫሉቫርን አፉን መያዝ ነው።

ስለ ቅርጹም ጥቂት ልበል። እያንዳንዱ ግጥም ሰባት የምጣኔ ክፍል አለው፣ በመጀመሪያው ስንኝ አራት፣ በሁለተኛው ሦስት፤ የመጨረሻው አጭርና ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። ቤት የሚመታውም እንደ እኛ ግጥም በስንኝ መጨረሻ ሳይሆን በመነሻው ነው፦ በ391 ላይ የመጀመሪያው ስንኝ «ካርካ»፣ ሁለተኛው «ኒርካ» ብሎ ይነሣል። ፖፕ ይህን በእንግሊዝኛ የመጨረሻ ቤት ስለተካው ስንኙን ለመሙላት ቃል መጨመር ግድ ሆነበት። ሁለቱ ቃላት ደግሞ ቀጥተኛ ትእዛዝ አይደሉም፤ «ይማሩ»፣ «ይቁሙ» እንደምንለው ያሉ ናቸው። የፖፕ እንግሊዝኛ «ተማር» የሚል ስለሚመስል የእኛ ተርጓሚ «አንተ» ብሎ ይጀምርና አባት ልጁን እንደሚገሥጽ ያደርገዋል። «መማር የሚገባውን ያለ ጉድፍ ይማሩ፤ ተምረውም በተማሩት ልክ ይቁሙ» ቢባል ድምፁ ይጠበቃል።

በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ውስጥ ስንት ነገር እንደሚታጨቅ ለሚያውቅ አንባቢ 12 ቁጥርን ማጣት ያሳዝናል። ስለ ዝናብ የሚናገረው ይህ ግጥም «ቱፑ» የሚለውን ድምፅ እያገላበጠ በላተኛውንም ምግቡንም በእርሱ ይጠራል። በእንግሊዝኛ ጨዋታው ይጠፋና ተራ የግብርና ምክር ይመስላል። የአማርኛው «በላ» ግን ይታዘዛል፦ «ለበይ የሚበላውን መብል አብቅሎ፣ ለበይ ራሱም መብል የሚሆን ዝናብ ነው።» 423ም እንዲሁ ነው። «ፖሩል» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ነገርም ትርጉምም ሀብትም ማለት ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይበታተናል። የእኛ «ነገር» ይሸከመዋል፦ «ማንኛውም ነገር ከማንም አፍ ቢሰማ፣ የነገሩን እውነተኛ ፍሬ ነገር ማየት ነው ዕውቀት።»

የፍቅሩን ክፍል ጋዜጦች ይዘሉታል። በ1730 ወደ ላቲን የመለሰው ሚስዮናዊ ቤስኪም ትቶት ነበር፤ ያለ እርሱ ግን መጽሐፉ የምክር ክምር ብቻ ይሆናል። በዚህ ክፍል የምትናገረዋ ሴት ወዳጇን በአክብሮት ቅርጽ ትጠራዋለች። እንግሊዝኛው «እሱ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም፣ አማርኛ ግን አለው። 1127 እንዲህ ይላል፦ «ወዳጄ በዓይኔ ውስጥ ናቸው፤ እንዳይሰወሩብኝ ዓይኔን አልኳልም።» «ናቸው» ለዛሬ ጆሮ ቢከብድም ታሚሉን የሚጠብቀው እርሱ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ርእስ ደግሞ እንግሊዝኞቹን ሁሉ ያስቸገረ ቃል ነው፤ አንዱ ጠብ፣ ሌላው የውሸት ቁጣ ይለዋል። እኛ ኩርፊያ እንለዋለን፣ በቃ። 1330፦ «ለፍቅር ኩርፊያ ደስታው ነው፤ የኩርፊያም ደስታ ታርቀው ሲተቃቀፉ ነው።»

ለዓምዳችሁ አዘጋጆች የምመክረው አሠራር ይህ ነው። አንድ ቁጥር ተይዞ የድሩና የላዛረስ፣ የፖፕ፣ የአይየር ትርጉሞች ጎን ለጎን ይቀመጡ። በአንዱ ብቻ የሚገኝ ቃል ይሰመርበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የተርጓሚው ጭማሪ ነው። ሦስቱ ከተለያዩ ችግሩ ያለው ከታሚሉ ቃል ላይ ነውና የቃል በቃል ፍቺው ይፈለግ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛው ወረቀት ይዘጋና አማርኛው ይጻፍ። ሃያ ቃል ካለፈ ምናልባት ትርጉምና ማብራሪያ ተደባልቀዋል፤ ማብራሪያው ወደ ግርጌ ይውረድ።

ለጅምሩ፣ ስለ ጣፋጭ ቃል የሚናገረው 10ኛው ምዕራፍ አሥሩም ግጥሞቹ አንድ ላይ ቢወጡ ደስ ይለኛል። መዝጊያው 100 ቁጥር ነው፤ ታሚሉ ለበሰለ ፍሬና ላልበሰለው ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት፣ «ካኒ» እና «ካይ»። ለሁለተኛው «እሸት» የሚለው ቢያምርም አይሆንም፤ እሸት በእኛ አፍ ይጣፍጣል። «እንጭጭ» ነው ልኩ፦ «ጣፋጭ ቃል እያለ መራራ መናገር፣ የበሰለው እያለ እንጭጩን መቅጠፍ ነው።»

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ