ከአጋሮ ለተመለሳችሁና ለቀራችሁም

ሰላም ውድ አባላት፣

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ለመስክ ትምህርት እንደ አጋሮ ወዳሉ ከተሞች፣ ወደ ኅብረተሰቡ መላኩ ትልቅ ነገር ነው። ስንመለስ ግን ሪፖርት ይጻፋል፣ ውጤት ይመጣል፣ በቃ። ያየነውን መቼ እናብላላው?

አንዷ እህታችን አጋሮ ላይ ቤት ለቤት መጠይቅ ስትሞላ አንዲት እናት ቡና አቀራርበው «መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ጥያቄው ይደርሳል» አሏት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እስከ በረካ ቆየች። የልጃቸውን ሕመም የነገሯት ያኔ ነው። መጠይቁ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም።

አሜሪካ ቦልደር ከተማ በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ናሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተመስጦን ከመደበኛው ትምህርት ጋር አብሮ ያስኬዳል። እኛም የቅዳሜ ስብሰባችንን አስር ደቂቃ ዝም ብለን እንጀምር። የሚጸልይ በልቡ ይጸልይ። ከዚያ እንደማመጣለን። ስልክ ይጠፋል። የታካሚ ስም እንዳይነሳ፣ አደራ!