ኩርንችትና የአባትህ ጣት

ይድረስ ለልጅነት ጓደኛዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናትህ፣ ልጆችህስ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ስለ ጎማ ልጽፍልህ መነሣቴ እንዳያስቀይምህ። አስቀድሜ ግን የከበደኝን ልናገር። አባትህ፣ አባባ፣ ያረፉ ጊዜ አልደወልኩልህም። ወሬው የደረሰኝ ሳልስታቸው ካለፈ በኋላ ነበር። ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ፤ እያፈርኩ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ነፍሳቸውን ከአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ አንተንም ያጽናህ።

ብዕር ያስነሣኝ ኩርንችት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከምኖርበት፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ካለችው ከኦሮራ ከተማ አጠገብ ባለው የቼሪ ክሪክ መናፈሻ ሳይክል ስነዳ የኋላው ጎማ ይተነፍስ ጀመር። ወርጄ ባየው ያው የእኛው ኩርንችት፣ በባዶ እግራችን ስንሮጥ ይወጋን የነበረው፣ ቀንዱን ሰክቶበታል። የኮሎራዶ ሰዎች "የፍየል ራስ" ይሉታል። ፍሬው ሲደርቅ አምስት ቦታ ይፈርሳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በምንም በኩል ይውደቅ አንድ እሾኹን ወደ ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ነቀልኩት፤ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጌ ጎማውን አሽከረከርኩት። ከውስጥ የቅንጭብ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ አረፋ እየደፈቀ ወጣና ቀዳዳውን ደፈነው። ከመነዳሪ የለውም! አባባ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ብዬ እዚያው ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩም።

ያን ጊዜ ያልመለስኩልህ ጥያቄም ትዝ አለኝ። ከጢስ ዓባይ ስትመለስ ጥቁሩ ድንጋይ የጎማህን ጎን እንደ ቢላ ቀዶብህ፣ እዚያ ያሉት ጎማዎች ይሻሉ እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር። እነሆ መልሱ። ውድ ስለሆነ ብቻ የሚሻል ጎማ የለም። እኔም እዚህ እንደመጣሁ በቀላልነቱ ተማርኬ ለውድድር የተሠራ ስስ ጎማ ገዛሁ። አቀበት ላይ ክንፍ ያወጣሁ ያህል ተሰማኝ። ጎልደን ከተማ አጠገብ ባለው የአፔክስ ተራራ መንገድ ላይ ግን በሁለተኛ ወሩ ጎኑ ሦስት ጣት ያህል ተቀደደ፤ ጥርሱ ገና አዲስ ነበር። እንዲህ ያለውን ቅዳድ ፈሳሹ አይደፍነውም። ሳይክሌን ተሸክሜ ወረድኩ።

አባባ ደንበኛ ጎማ ሲያመጣላቸው ጥርሱን ትተው ጎኑን ያጥፉት እንደነበር ታስታውሳለህ? ነገሩ የገባኝ አሁን ነው። ጎማው ከላስቲኩ በታች የተሸመነ ክር አለው። በአንድ ኢንች 120 ክር ያለው በቀጭን ክር የተሸመነ ስለሆነ ለስላሳና ቀላል ነው፤ ድንጋይ ላይ እየተለመጠ ያልፋል። 60 ክር ያለው ወፈር ይላል፤ ይከብዳል፤ መቆረጥን ግን ይችላል። ከዚያ በላይ ጎኑ ላይ ተጨማሪ መከላከያ የተደረበላቸው አሉ። አሁን የምነዳው ማክሲስ ሬኮን የሚባለው ጎማ፣ 29 በ2.4 ኢንች የሆነው፣ ኤክሶ የሚሉትን የጎን መከላከያ ለብሷል። ከዴንቨር ደቡብ ምዕራብ ባለው በባፋሎ ክሪክ እንደ ቅንጬ የደቀቀ ሮዝ ግራናይት ጥርሱን እንደ ሞረድ እየበላው አንድ ዓመት ተኩል ቆየልኝ፤ ጎኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀደደም። ለጢስ ዓባይ መንገድ ይህን የመሰለውን ምረጥ፤ ጥቂት መቶ ግራም ቢከብድህ አትማረር።

የኋላው ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ክብደትህም የፔዳልህም ጉልበት እሱ ላይ ነው። ሲያልቅ አዲሱን ከኋላ አታስገባ። የፊቱን ወደ ኋላ አዙርና አዲሱን ከፊት አድርግ፤ ቁልቁለት ላይ የፊቱ ከከዳህ መትረፊያ የለህም። አየሩንም አታብዛ። እኔ 72 ኪሎ ነኝ፤ በአየር ግፊት መለኪያው በፒኤስአይ ከፊት 22 ከኋላ 24 እነፋለሁ። አንተ ከመነዳሪ እስካለህ ድረስ ግን ወደ 30 ከፍ አድርገው፤ አለበለዚያ ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። ፈሳሹም በሁለት በሦስት ወር ስለሚደርቅ መጨመር ይፈልጋል።

ያንን በባፋሎ ክሪክ ያረጀ ጎማ ሳወልቅ፣ አባባ እንዳስተማሩን፣ አዲሱን ከማስገባቴ በፊት ጣቴን በውስጡ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። 11 የኩርንችት ጫፍ አገኘሁ። ሁሉም ወግተውት፣ ሁሉም ተደፍነው፣ እኔ አንዱንም ሳላውቅ ስነዳ ከርሜያለሁ። "ጣትህን ሳታዞር ከመነዳሪ አታስገባ" እያሉ የቆጡንን ድምፃቸውን ሰማሁት። ከመነዳሪውን እየነከርን አረፋ የምንጠብቅበት ሳፋስ አለ? ካለ ለማንም እንዳትሰጠው።

ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ወደ መቃብራቸው ትወስደኛለህ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ቤዛዊት ኮረብታ ድረስ እንነዳለን። ሁለት ጎማና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ይዤልህ እመጣለሁ። እንዳልሳሳት በጎማህ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ ላክልኝ፤ 26 ይሁን 29 አላስታውስም።

ናፋቂህ