የብር ኢዮቤልዩውን ጉዞ ከኦገስት አውጡት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጋብቻ ዓመታቸውን በአውሮፓ በተንደላቀቀ ሁኔታ ለማክበር ለሚያስቡ ጥንዶች በጉዞ ዓምዳችሁ የወጣውን ምክር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ሆቴሎች ደረጃ፣ ስለ ሐይቅ ዳር ክፍሎችና ስለ ግል ጀልባዎች የሰጡት ማብራሪያ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጉዞውን በጁላይ መጨረሻና በኦገስት ላይ ማድረጋቸው ያን ሁሉ ድካም ውኃ የሚያስበላ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። እኔና ባለቤቴ የጋብቻችንን 25ኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019፣ 30ኛውን ደግሞ በኦክቶበር 2024 በእነዚያው ከተሞች፣ በቬኒስና በፓሪስ፣ ስላከበርን ልዩነቱን በእግራችንም በኪሳችንም አይተነዋል። ዓመታቱንም ወራቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጠራው፣ እዚያ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚያ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞ ቬኒስ ውስጥ የያዝነው ክፍል መስኮቱ በታላቁ ቦይ ላይ የሚከፈት ሲሆን፣ በዕድሜያችን ከከፈልነው የሆቴል ሂሳብ ሁሉ የሚበልጥ የተከፈለበት ነበር። ከሆቴሉ በር ከወጣን በኋላ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ ከማንም አላስቀደመንም። ቫፖሬቶ የሚሉት የሕዝብ ጀልባ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ካለፈን በኋላ በአራተኛው ተሳፍረን፣ ከሪያልቶ ድልድይ እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የማላውቀው ሰው ሻንጣ ጉልበቴ ላይ ተደግፎ ቆሜ ሄድኩ። ባለቤቴ ለዚያች ቀን ብላ የገዛችው ነጭ ቀሚስ የማን እንደሆነ ባልታወቀ አይስክሬም ተለቀለቀ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የሚታይ የመዝናኛ መርከብ በዝግታ ያልፍ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹም ከላይ ሆነው እኛን ፎቶግራፍ ያነሱን ነበር። እነዚያ ግዙፍ መርከቦች ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ በዚያ መስመር እንዳያልፉ ታግደዋል። መርከቡ ቀረ እንጂ ሰዉ በባቡርም በአውቶቡስም መምጣቱን አልተወም።

ከዚያ ፓሪስ ገባን። የበዓሉን እራት የምንበላበትን ምግብ ቤት ከወራት በፊት መርጠን ለያዝነው ሆቴል አሳውቀን ነበር፤ የእንግዳ መቀበያው ሰውም ጠረጴዛው እንደተያዘልን አረጋግጦልናል። ለብሰን፣ አጊጠን፣ አበባ ይዘን ስንደርስ በሩ ላይ ያገኘነው ቤቱ ለዓመት ዕረፍት እስከ ወሩ መጨረሻ መዘጋቱን የምትገልጽ አንዲት የተለጠፈች ወረቀት ብቻ ነበር። በሆቴሉ ሠራተኛ መናደዴ ባይቀርም ዋናው ጥፋት የእኔ ነው፤ በኦገስት ፓሪስ ውስጥ የሠፈር ዳቦ ቤት እንኳ ሳይቀር ባለቤቱ ቆልፎ ወደ ባሕር ዳር እንደሚሄድ ማወቅ ነበረብኝ። ጣሊያኖችም እንዲሁ ናቸው። ኦገስት 15 ቀን የሚውለው ፌራጎስቶ የተባለው በዓላቸው የዕረፍቱ እምብርት በመሆኑ፣ በዚያ ሳምንት በከተሞቻቸው ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ተዘግቶ ይከርማል። የቪየና መንግሥታዊ ኦፔራም በጁላይና በኦገስት መድረኩን ይዘጋል። እንግዲህ ዓምደኛው ልብ ያላሉት ነገር ይህ ነው፤ በአውሮፓውያን በጋ ወደ እነዚህ ከተሞች የሚሄድ ሰው በጣም ጥሩ የሚያበስለው፣ በጣም ጥሩ የሚጫወተውና በጣም ጥሩ የሚያስተናግደው ሰው ራሱ ዕረፍት በወጣበት ጊዜ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ይገባል።

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። በጁላይ 2023 የአቴንስ አክሮፖሊስ በሙቀቱ ምክንያት በቀትር ሰዓታት እስከ መዘጋት ደርሶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበርም በቀን ከ20,000 በላይ ጎብኚ እንዳይገባ ገደብ ተጥሏል። በጣሊያኗ አማልፊ ባሕር ዳር ደግሞ በኦገስት መንገዱ ከመጨናነቁ የተነሣ መኪኖች በታርጋ ቁጥራቸው ጎዶሎና ሙሉ ተብለው በፈረቃ እንዲነዱ ይደረጋል። የኪራይ መኪናው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ታርጋው ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎ ነው።

ቬኒስ ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ውለው የሚመለሱ ጎብኚዎችን 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች። በ2025 የክፍያው ቀናት ከ29 ወደ 54 ከፍ ሲሉ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለሚያስመዘግብ ሰው ክፍያው 10 ዩሮ ሆኗል። ከተማው ውስጥ ሆቴል የሚያድር እንግዳ ከክፍያው ነፃ ነው፤ ቢሆንም ነፃ መሆኑን አስቀድሞ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። እኔን የበለጠ የሳበኝ ግን ሰዓቱ ነው። ክፍያው የሚሠራው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ከሰዓት በኋላ 10፡00 ስለሆነ፣ ከተማዋ የማን እንግዳ መቼ እንደሚያጨናንቃት በራሷ ደንብ ነግራናለች ማለት ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እዚያው ያደረ ሰው ሀብት ነው። ስለዚህ ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ ከባሕሩ ማዶ በየብሱ ላይ ትልቅ ሆቴል መያዝን ፈጽሞ አልመክርም፤ በደሴቲቱ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ትበልጣለች።

በ2024 ኦክቶበር አጋማሽ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ ከባለቤቴ ጋር ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ገባን። ከእኛ ሌላ አንድ የጽዳት ሠራተኛና ወንበሮች የሚደረድር አንድ አስተናጋጅ ብቻ ነበሩ። በድንጋዩ ንጣፍ ስንጥቆች ውስጥ ውኃ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣ ነበር፤ የባሕሩ ሙላት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ አደባባዩ፣ የከተማዋ ዝቅተኛ ቦታ ነውና፣ መርጠብ ይጀምራል። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋሉት ሞዜ የሚባሉት የባሕር መዝጊያዎች የሚነሡት ከፍ ያለ ሙላት ሲጠበቅ በመሆኑ ትንሹ ውኃ አሁንም ይገባል። ሆቴሉ ያዋሰንን የጎማ ቦት ጫማ አድርገን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላቶች በውኃው ውስጥ ተገልብጠው እየታዩን፣ አደባባዩን ከዳር እስከ ዳር ተሻገርነው። ባለቤቴ የ2019ኙን አይስክሬም ያነሣችው ያኔ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ስቃ አወራችው።

ወደ ቬኒስ የሄድነው ከፓሪስ ተነሥተን፣ ቬኒስ ሲምፕሎን ኦሪየንት ኤክስፕረስ በተባለው የቅንጦት ባቡር አንድ ሌሊት አድረን ነው። ዓምደኛው ይህን ባቡር በአንድ መስመር አልፈውታል፤ እኔ ግን ጥቂት ልጨምርበት። ፉርጎዎቹ በ1920ዎቹና በጊዜው አካባቢ የተሠሩ ሆነው የታደሱ ናቸው። በጥንታዊዎቹ ክፍሎች ውስጥ በእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቀች የእጅ መታጠቢያ እንጂ ሻወር የለም፤ መጸዳጃውም በፉርጎው ጫፍ ነው። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይህን እዚያው ሲደርስ የሚያውቅ ሰው ማኩረፉ አይቀርምና አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እራት ላይ ሳለን አስተናጋጁ ሶፋውን አልጋ አድርጎ ጠበቀን። ማሞቂያው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ስለሆነ፣ በመተላለፊያው ጫፍ ያው ሰው ኮቱን አውልቆ ከሰል ሲጨምር አየሁት። በኦክቶበር ብርድ ተራሮቹን ስንሻገር ያ ሙቀት ምን ያህል እንደሚጣፍጥ በኦገስት የሄደ ሰው አያውቀውም። ባቡሩ በመደበኛነት የሚሠራው ከማርች እስከ ኖቬምበር በመሆኑ፣ ከዚያ ውጭ ለሚያስብ ሰው አማራጩ በጣም ጠባብ ነው።

«ከበጋ ውጭ ሂዱ» ብሎ ማለፍም ሌላ ስሕተት ነው። ሴፕቴምበር ባዶ አይደለም። በወሩ መጨረሻ የሚላኖና የፓሪስ የፋሽን ሳምንታት ሲውሉ ትልልቆቹ ሆቴሎች አስቀድመው ይያዛሉ፤ የፓሪስ ሆቴል በዚያን ጊዜ ከኦገስትም ሊወደድ ይችላል። ሙኒክ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ ኦክቶበርፌስት በተባለው የቢራ በዓል ተጥለቅልቃ ትሰነብታለች። በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ የፈረንሳይ ተማሪዎች ለቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕረፍት ይወጣሉ። በእነዚህ መካከል የምትቀረው ከኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት ማብቂያ እስከ ወሩ አጋማሽ ያለችው ጊዜ ጠባብ ብትሆንም፣ በእኔ ግምት ከዓመቱ ሁሉ የምትመረጠው እርሷ ናት። የሜድትራንያን ባሕር ሙቀቱን አልጨረሰም፤ ኦፔራዎቹ ተከፍተዋል፤ በጣሊያኗ አልባ ከተማም ትራፍል የተባለው ውድ ነጭ እንጉዳይ ገበያ ደርሷል። የጸደዩን ወራት የሚመርጡ አሉ፤ ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑን እየለወጠ መምጣቱ፣ ጣሊያንም ኤፕሪል 25ንና ሜይ 1ን እያያያዘች ረጅም ዕረፍት ማድረጓ ግን ዕቅዱን ያዛባዋል።

ከኖቬምበር በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በጣሊያኑ ኮሞ ሐይቅ ዳር ያሉት ዝነኛ ሆቴሎች አብዛኞቹ ለክረምቱ ይዘጋሉ፤ በግሪኳ ደሴት በሳንቶሪኒም እንዲሁ ነው። በዲሴምበር ፓሪስ ውስጥ የቀን ብርሃን ስምንት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ብርዱን የማይፈሩ ጥንዶች ግን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ቪየናን ቢያስቡ አይቆጩም። ያ ወቅት የከተማዋ የዳንስ ግብዣዎች ወቅት ነው፤ የሁሉም ቁንጮ የሆነው የኦፔራው ግብዣም የምዕራባውያኑ ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ረቡዕ በፊት ባለው ሐሙስ ይካሄዳል። እኛ በኦክቶበር ወደ ቪየና የሄድነው ለኦፔራው ብቻ ነበር፤ ለብቻ በተከለለ የሰገነት መቀመጫ ላይ ያሳለፍነው አንድ ምሽት ከሦስት ሌሊት የሆቴል ክፍያ የበለጠ ደስ አሰኝቶናል።

ስለ ሙዚየሞች አንድ ነገር ብቻ። የፓሪሱ ሉቭር ማክሰኞ፣ እዚያው ያለው ኦርሴና የፍሎረንሱ ኡፊዚ ሰኞ ዝግ ናቸው። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ሲዘጉ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታሉ፤ ነፃ በመሆኑም ሰልፉ በኦክቶበርም ኦገስት ኦገስት ይሸታል። ሉቭር ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ስለሚቆይ እኛ ምሽቱን መርጠናል።

የቪዛውን ጉዳይ ዓምደኛው ጨርሶ አላነሡትም። ለብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይችላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀረው ግን ጊዜው አልፎበታል። የአዋቂ ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ማቅረብ ግዴታ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ስለሆነ፣ በፓሪስ፣ በቬኒስና በቪየና መካከል ሌሊቶቹን ከማከፋፈላችሁ በፊት ቀጠሮ ለመያዝ አትቸኩሉ። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮም በድንበር ላይ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ የሚመዘግብ አዲስ አሠራር ደረጃ በደረጃ ገብቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ መንገደኛ ጥቂት እንደሚቆም አውቆ፣ ተያያዥ በረራውን ጊዜ ሰጥቶ ይያዝ።

ልጆች ትምህርት ቤት ስላላቸው ከበጋ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ከሜድትራንያን ይልቅ የኖርዌይን ፍዮርዶች፣ ማለትም በገደሎች መካከል የሚገቡትን የባሕር ወሽመጦች፣ ወይም የስዊስን ከፍታዎች፣ ለምሳሌ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ሳን ሞሪትስን፣ እመርጥላቸዋለሁ።

ከሁሉ የከበደን ቀኑን ማንቀሳቀስ ነበር። የተጋባነው በጁላይ ማብቂያ ነው፤ ባለቤቴም «ቀኑ ካልሆነ ምኑን በዓል ሆነ?» ብላ ለሳምንታት ተሟግታኛለች። በመጨረሻ የተስማማነው ቀኑን በቤታችን በእራት ልናከብር፣ ጉዞውን ደግሞ በኦክቶበር ልናደርግ ነው። ዓምደኛው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው፣ በየከተማው የሚዘጋውንና የሚከፈተውን በየወሩ ለይተው ቢያወጡልን አንባቢዎቻችሁ የሆቴል ደረጃ ከማወቅ ይልቅ በዚያ ይጠቀማሉ። ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ አንድ ነገር እንድጨምር አዝዛኛለች፤ በመከር ወደ ቬኒስ የምትሄዱ ጥንዶች የጫማችሁን ቁጥር ለሆቴሉ አስቀድማችሁ ላኩ፤ የእሷ ቦት ጫማ ሁለት ቁጥር ይሰፋት ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ