ጉዳዩ፦ ሳይታይ «ታይቷል» ስለተባለልኝ ሆርኔት

ለመኪና ሽያጭና ምርመራ ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

በእናንተ በኩል የ1973 ሞዴል ኤ.ኤም.ሲ. (አሜሪካን ሞተርስ) ሆርኔት ሃችባክ፣ ማለትም የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ሽቅብ የሚከፈተውን መኪና ገዝቻለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መኪናው የነበረው ኦሃዮ ነው። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ። ስለዚህ ለመኪናው 18,500 ዶላር ከመክፈሌ በፊት፣ ሄዶ አይቶ ሪፖርት ለሚጽፈው ባለሙያችሁ 325 ዶላር ለብቻው ከፍያለሁ። ደረሰኙን አያይዣለሁ። ቅሬታዬ ከሁሉ በላይ በዚህ ምርመራ ላይ ነው። ባለሙያችሁ መኪናውን አላየውም። አየው ከተባለም ከሩቅ ነው።

ይህን የምለው ስለተናደድኩ አይደለም። ተናድጃለሁ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። የምለው የራሳችሁን ሪፖርት አንብቤ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ «የሞተሩ ቁጥር ከመኪናው ቪን ቁጥር ጋር አንድ ነው» ይላል። ቪን ማለት እያንዳንዱ መኪና የሚለይበት የራሱ ቁጥር ነው። አጠገቡ የራይት ምልክት አለ። ለዚያ ዘመን ሸቭሮሌት ቢሆን ያስኬዳል፤ የሸቭሮሌት አምራች ጂ.ኤም. የቪኑን ከፊል ቁጥር ሞተሩ ላይ ይመታ ነበር። አሜሪካን ሞተርስ ግን በዚያ ዘመን ቪን ቁጥር ሞተር ላይ አይመታም። ታዲያ ባለሙያችሁ የቱን ቁጥር ከየቱ ጋር አስተያየ? ለሌላ መኪና የተዘጋጀ ፎርም ቢሮ ቁጭ ብሎ የሞላ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን መስመር ራይት ሊያደርግ አይችልም።

ማጣራት ለፈለገ ሰው ሥራው ቀላል ነበር። ኮፈን እንኳን መክፈት አያስፈልግም። በሹፌሩ በኩል ቆሞ፣ በፓራብሬዛው አሻግሮ ክሩስኮቱ ላይ ያለውን ቪን ማንበብ ነው። ፊደልና ቁጥሩ ተደምሮ 13 ነው። የመጀመሪያው «ኤ» አሜሪካን ሞተርስ ማለት ነው። ሁለተኛው 3 ዓመቱን፣ 1973ን ይናገራል። አራተኛው ዜሮ ሆርኔት ነው። ሰባተኛው ደግሞ ሞተሩን ይነግራል። ባለ 304 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ከሆነ «ኤች» ይሆናል። ባለ 232 ስድስት ሲሊንደር ከሆነ «ኢ»። የእኔ መኪና «ኢ» ነው። አንድ ቋሚ፣ ሦስት አግድም መስመር። ያለ መነጽር ይነበባል።

ማስታወቂያችሁ ግን «ከፋብሪካው በቪ8 የወጣ፣ በቀላሉ የማይገኝ» ይላል። የለጠፋችኋቸው ፎቶዎች ክሩስኮቱን ከየአቅጣጫው ያሳያሉ። ቪን ያለባትን ጥግ ብቻ አያሳዩም።

ኮፈኑ ሲከፈት ቪ8 አለ፣ አልካድኩም። ኤ.ኤም.ሲ. የቪ8ቶቹን መጠን ብሎኩ ጎን ላይ ጎላ አድርጎ ያወጣ ነበር፤ የእኔም ላይ 304 ይላል። ግን እዚያ የገጠሙት ኬኖሻ ያለው የኤ.ኤም.ሲ. ፋብሪካ ሰዎች አይደሉም። አንዱ ከሌላ መኪና አውርዶ የከተተው ነው። አገጣጠሙም የጥድፊያ ነው። ራዲያተሩ የባለ ስድስቱ ስለሆነ ቀጭን ነው። መብራት ላይ ትንሽ ከቆምኩ የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ ይወጣል። የጭስ ማውጫው ቱቦ መሪው ዘንግ ሥር ታጥፎ በሽቦ ታስሯል።

ይህን በስልክ ስናገር ያነጋገረኝ ልጅ «ጋሼ፣ ቪ8 ይሻላል እኮ፤ እንዲያውም ተጠቅመዋል» አለኝ። ለልጁ ክፉ አልመኝለትም፣ የተነገረውን ነው የሚናገረው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ባለ ስድስቱ ሞተር ምንም አይወጣለትም። ከእሱ ዘር የመጣውን ባለ 4 ሊትር ሞተር ጂፕ እስከ 2006 ሞዴል ድረስ ሲገጥመው ኖሯል። «ባለ ስድስት ነበር፣ ሞተሩ ተቀይሯል» ብላችሁ በዚያው ዋጋ ብትሸጡልኝ ደስ ብሎኝ እገዛ ነበር። የድሮ መኪና የሚሰበስብ ሰው ግን ከፋብሪካ በቪ8 ለወጣና በኋላ ለተቀየረ እኩል አይከፍልም። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ዋጋውን የቆለላችሁትም በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደ ዝገቱ ልምጣ። ሪፖርቱ «ሻንሲው ንጹሕ ነው፣ ዝገት የለበትም» ይላል። ሆርኔት ለብቻው የሚወርድ ሻንሲ የለውም። ቦዲውና ወለሉ አንድ ላይ ተበይደው ነው መኪናውን የሚሸከሙት። ኤ.ኤም.ሲ. በ1954 ከሁለት መኪና አምራቾች፣ ከናሽና ከሃድሰን ውህደት የተፈጠረ ኩባንያ ነው፤ ናሽ ደግሞ ከ1941 ጀምሮ በዚህ አሠራር ይታወቅ ነበር። ስለዚህ የሆርኔት ወለል ከተበላ «ምንጣፍ ይሸፍነዋል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የተበላው ተሸካሚው ነው።

የእኔ ተበልቷል። በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉን ስገልጥ እግር ማሳረፊያው ላይ የድሮ ታርጋ አገኘሁ። ቀዳዳው ላይ ተደፍቶ፣ ዙሪያውን በሪቬት ተመትቶ፣ ከላይ ሬንጅ ተቀብቶበታል። ጣቴን ሳሳርፍበት ጠርዙ ወደ ታች ሄደ፤ በስንጥቁ የጋራዡ ሲሚንቶ ታየኝ። በግራው የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ደግሞ ማግኔት አይይዝም። ከጎማው ጀርባ ያለው በሙሉ ስቱኮ ነው። ሪፖርቱ «ቦዲው ኦሪጅናል ነው» ይላል።

41 ሺህ ማይል ስለተባለውም አንድ ነገር ልበል። የዚህ መኪና ቆጣሪ ማይሉን የሚያሳየው በአምስት አሃዝ ብቻ ነው። 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ተልጧል፤ ያ በ41 ሺህ ማይል አይሆንም። «ጉቺ» የሚለው ቃል ማስታወቂያው ውስጥ ምን እንደሚሠራም አልገባኝም። ውስጡ በጣሊያኑ የፋሽን ቤት በጉቺ ጥለት የተሠራ ሆርኔት በ1972 እና በ1973 ወጥቷል፣ እውነት ነው። ግን ስፖርታባውት የሚባለው ስቴሽን ዋገን ላይ ብቻ ነው። የእኔ ሃችባክ ወንበር ላይ ያለው አረንጓዴና ቀይ ጥለት ገበያ የተገዛ ልባስ ነው።

በኢሜይል የሰጣችሁኝ መልስ «ውሉ ላይ ባለበት ሁኔታ ይላል» የሚል ነው። ይላል፣ ፈርሜበታለሁ። ያ አባባል የሚሸፍነው ማንም ያልተናገረበትን ጉድለት ነው። ነገ ካምቢዮው ቢሰበር አልጠራችሁም። በጽሑፍ «ቪ8 ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ» ብላችሁ የሸጣችሁትን ግን አይሸፍንም። የቨርጂኒያ የንግድ ሕግም ስለ ዕቃው የተሰጠና ግዢው የተመሠረተበት መግለጫ ዋስትና ነው ይላል። ለምርመራው ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍያ ተቀብላችኋል። አሜሪካን ሞተርስ በ1972 ሞዴል ከጎማ በስተቀር መኪናውን በሙሉ ለ12 ወር ወይም ለ12,000 ማይል ዋስ ይሆን ነበር። እናንተ ለጻፋችሁት ወረቀት እንኳን ዋስ አልሆናችሁም።

የምጠይቀው ይህን ነው። የምርመራው 325 ዶላር በሙሉ ይመለስ፤ ይህ ድርድር የለውም። ለመኪናው ከሁለት አንዱን ምረጡ። ወይ በራሳችሁ የማጓጓዣ ወጪ ወስዳችሁ ገንዘቤን መልሱ። ወይ ሁለታችንም የምንስማማበት ገለልተኛ ገማች ሞተሩ የተቀየረና ወለሉ የተበላ ሆርኔት ስንት እንደሚያወጣ ይንገረን፣ ልዩነቱን ክፈሉኝ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ መኪናውን ወድጄዋለሁ። በተጨማሪም ማስታወቂያው «በተሳካ ሁኔታ የተሸጠ» ተብሎ እስካሁን ገጻችሁ ላይ ስላለ፣ ቪ8 እና ጉቺ የሚሉት ቃላት ይነሡ።

የቪኑን፣ የታርጋውን፣ የራዲያተሩንና የፓራፋንጎውን ፎቶ፣ የሪፖርቱን ቅጂና የማስታወቂያውን ሙሉ ጽሑፍ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ይኸው ማስረጃ ወደ ቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ይሄዳል። መልሳችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ የሚባለውን ሰምቼ ጨርሻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ