አታሳልፊው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ብርድ ብቻ ነው የበረታብን። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል።

ለአረፋ መጥተሽ በፍላሽ የተውሽልኝን ፊልሞች እያየሁ ነው። አንዱን «አባዬ፣ ይሄን ተወው፤ እያሳለፍኩ ነው ያየሁት፣ ምንም ነገር የለውም» ብለሽኝ ነበር። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 እ.ኤ.አ. የሠራው «የቶኪዮ ታሪክ» ነው። እሱን ከእናትሽ ጋር አየነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ ወደ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዷ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ጊዜ የላቸውም። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን የምታሳያቸው የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት። ካሜራው ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ ነው። እኛ ቤት በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠብቅ ሰው ከሚያይበት ከፍታ ማለት ነው።

ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ለእናትሽ እየተረጎምኩላት ነበር። ትንሽ ቆይታ «ተወው፣ ይገባኛል» አለችኝ።

ልጆቹ ወላጆቻቸውን አታሚ ወደሚባል የፍል ውሃ መዝናኛ ይልኳቸዋል። ሌሊቱን በጫጫታ እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። ጠዋት ባሕሩ ዳር ግንቡ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ቤታችን እንመለስ ይባባላሉ። ሊሄዱ ሲሉ አሮጊቷ ከመነሳቷ ቁጢጥ ትላለች። ባሏ ምን ሆንሽ ይላታል። ትንሽ አዞረኝ፣ አሁን ደህና ነኝ ትላለች። ይሄዳሉ። በቃ፣ ጥቂት ሴኮንድ ነው።

እናትሽ ስኒዋን አስቀመጠችና «ይቺ ሴት አትከርምም» አለች።

አልከረመችም። አንቺ ስታሳልፊ የዘለልሻት ያቺን ቦታ ይመስለኛል። እሷን ካላየሽ የኋላው ሞት ዱብ ዕዳ ነው። ካየሽ ግን ልጆቿ ያላወቁትን አንቺ ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ስንብት ሁሉ ሆድ ያባባል።

መሃል መሃል ላይ ጭስ ማውጫ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ሰው የሌለበት ክፍል ይታያል። ሰው «ምንም የለውም» የሚለው እነዚህን ነው። አንቺ ግን መንዙማ እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። አውጪው ጨርሶ ተቀባዩ እስኪያነሳ ያለችውን ዝምታ ማንም አይቆርጣትም።

ልወቅስሽ አይደለም። ደክመሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ። «ጊዜ የላቸውም» ማለቴም ስላንቺ እንዳይመስልሽ፤ ስልክሽ አንድም ሳምንት ተቋርጦ አያውቅም።

የኢራናዊውን የአባስ ኪያሮስታሚን «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?»ንም አይቼዋለሁ። የ1987 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። አንድ ልጅ የጓደኛውን ደብተር በስህተት ይዞ ቤቱ ይገባል። መምህሩ ደግሞ ያንን ጓደኛውን የቤት ሥራህን ደብተርህ ላይ ሳትሠራ ከመጣህ ትባረራለህ ብሎታል። ልጁ ደብተሩን ሊመልስ በጥምዝምዙ የኮረብታ መንገድ ወደ ሌላ መንደር ይሮጣል። ትልልቆቹ ሰዎች አብዛኞቹ አያዳምጡትም። ስንት ዓመት አስተማሪ ሆኜ ደብተር ረሳሁ ያለኝን ልጅ ከክፍል አስወጥቻለሁ። ለምን ረሳህ ብዬ ግን የጠየቅኩት ትዝ አይለኝም። ሌሊቱን የእነዚያ ልጆች ፊት ሲመጣብኝ አደረ።

ለመውሊድ ስትመጪ፣ ኢንሻአላህ፣ የቶኪዮውን አብረን ከመጀመሪያው እናየዋለን። እናትሽ እስካሁን ያቺን ምራት ታነሳለች። አማቷ የሟች ሚስቱን ሰዓት ሰጥቷት፣ አግቢ ብሎ መክሯት፣ ሰዓቱን በእጇ ይዛ በባቡር ስትሄድ ነው የተለየናት። «አግብታ ይሆን?» ትለኛለች ጀበናውን እየጣደች። እኔ አላገባችም ባይ ነኝ። አንቺ የመሰለሽን ራስሽ ትነግሪያታለሽ።

አባትሽ፣
ከደሴ