ከመስካቲን ከተማ ታሪክ ልጆቻችን ሊያውቁት ስለሚገባው ክስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጋዜጣችሁ በአሜሪካ ስለሚኖሩ ወገኖቻችንና ስለ አገሪቱ ታሪክ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በትጋት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። የጥቁሮች ልጆች ከነጮች ልጆች ጋር እኩል የመማር መብት በተነሣ ቁጥር ግን ታሪኩ ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. በ1954 ልጆችን በቆዳ ቀለም ለይቶ ማስተማርን ከከለከለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሚጀምር ተደርጎ ይቀርባል። ከዚያ ውሳኔ 86 ዓመት አስቀድሞ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ትንሽ ከተማ ይኖሩ የነበሩ አሌክሳንደር ክላርክ የተባሉ ጥቁር ፀጉር አስተካካይ በልጃቸው ስም ክስ መሥርተው አሸንፈዋል። ከተማዋ መስካቲን ትባላለች፤ የምትገኘውም እኔ በምኖርበት በአዮዋ ግዛት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስካቲን ዛሬ ወደ 24 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አላት። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲፈስ የቆየው ሚሲሲፒ ወደ ደቡብ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከጥንት ጀምሮ ኑሮዋ ከወንዙ ጋር የተሳሰረ ነው። መጀመሪያ የእንፋሎት መርከቦች ማረፊያ ነበረች፤ ቀጥሎ ከሰሜን ደኖች በወንዙ እየተንሳፈፈ የሚመጣው ግንድ የሚሰነጠቅባት የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማ ሆነች፤ በመጨረሻም ወደ በኋላ የምመለስበት የልብስ ቁልፍ ሥራ ስሟን በዓለም አስጠራው። በአሸዋማው መሬቷ ላይ የሚበቅለው ሐብሐብም በአካባቢው የታወቀ ነው።

አሌክሳንደር ክላርክ በ1826 በፔንሲልቬኒያ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለዱ። የፀጉር ማስተካከል ሙያ ከተማሩ በኋላ በ1842፣ ገና በ16 ዓመታቸው፣ ያን ጊዜ ብሉሚንግተን ትባል ወደነበረችው ወደዚህች ከተማ መጡ። በወንዙ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሱት መርከቦች ማገዶ ያስፈልጋቸው ስለነበር ከፀጉር ቤቱ ጎን ለጎን እንጨት እያስቆረጡ ለመርከቦቹ ይሸጡ ነበር፤ ባጠራቀሙትም ገንዘብ ቤትና መሬት ገዙ። ለከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱም ወቅት ለአዮዋ ጥቁር ክፍለ ጦር ወታደሮችን መልምለዋል።

በ1867 የ12 ዓመት ልጃቸው ሱዛን በሰፈሯ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ለመግባት ስትሄድ በቆዳ ቀለሟ ምክንያት አልቀበልም ተባለች፤ ለጥቁር ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት አለና ወደዚያ ትሂድ የሚል ነበር የትምህርት ቦርዱ አቋም። አባትየው ቦርዱን ከሰሱ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለእርሳቸው ፈረደ፤ ቦርዱ ይግባኝ አለ፤ የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1868 የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸና። የግዛቲቱ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወጣቶች ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ ስለሚያዝ፣ ቦርዱ አንዱን ልጅ ከሌላው ለይቶ በቀለሙ የተነሣ የማግለል ሥልጣን የለውም የሚል ነበር የውሳኔው ፍሬ ነገር።

ለእኛ ለስደተኞች ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ዳኛው ቼስተር ኮል በውሳኔው ውስጥ ያሰፈሩት አመክንዮ ነው። ቦርዱ ጥቁር ልጆችን በቀለማቸው ለይቶ ለብቻ ማስተማር ይችላል ከተባለ፣ በዚያው ሥልጣን የጀርመን ልጆችን ለብቻ፣ የአየርላንድ ልጆችን ለብቻ፣ የሌላውንም አገር ተወላጅ እንዲሁ ለብቻ ማድረግ ይችላል ማለት ነው ሲሉ አስረድተዋል። በዚያ ዘመን የአዮዋ የወንዝ ዳር ከተሞች በጀርመንና በአየርላንድ ስደተኞች የተሞሉ ስለነበሩ ይህ ክርክር ለአንባቢው ሩቅ አልነበረም። የአንዲት ጥቁር ልጅ መብት ሲነካ የስደተኛው ሁሉ ልጅ መብት አብሮ እንደሚነካ ፍርድ ቤቱ በግልጽ አይቶታል። ዛሬ በግዛቲቱ ዋና ከተማ በዴሞይን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ ከየት መጣህ ተብሎ ወደ ሌላ በር የማይመራው፣ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት ይህ ጥያቄ በዚህ ግዛት በሕግ መልስ ስላገኘ ነው። ይህን ለልጆቻችን ያለመንገራችን በእጅጉ ያሳስበኛል።

ሱዛን በ1871 ከመስካቲን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመረቀች። አባቷም በዚያ አላቆሙም፤ ጥቁር ወንዶች በአዮዋ የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በብርቱ ተሟገቱ፤ በ1868 የግዛቲቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ያን መብት አጸደቀ። ወንድ ልጃቸው በ1879 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ እርሳቸው ራሳቸውም ወደ ስድሳ ዓመት በተጠጉበት ዕድሜ በልጃቸው እግር ተከትለው በ1884 ከዚያው ትምህርት ቤት በሕግ ተመረቁ። በ1890 ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በላይቤሪያ የአሜሪካ መልእክተኛ አድርገው ሾሟቸው፤ በዓመቱ በሞንሮቪያ ሞቱ፤ አስከሬናቸውም ወደ መስካቲን ተመልሶ ግሪንውድ በተባለው መካነ መቃብር ተቀበረ።

ታዲያ ይህን ያህል ሥራ የሠሩ ሰው ለረጅም ዘመን በከተማቸው እንኳ ብዙም የማይወሱት ለምን ነበር? በእኔ አስተያየት አንዱ ምክንያት የልብስ ቁልፍ ነው። ክላርክ በሞቱበት በ1891 ዮሐን ቦፕሊ የተባሉ ጀርመናዊ ቁልፍ ሠሪ ከሚሲሲፒ ወንዝ በሚወጣ ዛጎል ቁልፍ የሚያመርት ፋብሪካ በመስካቲን ከፈቱ። በፊተኛው ዓመት የወጣው የማኪንሊ ታሪፍ ከውጭ በሚገባ ቁልፍ ላይ ከባድ ቀረጥ ስለጣለ ሥራው ወዲያው አትራፊ ሆነ፤ ፋብሪካዎች በየመንገዱ ተከፈቱ፤ በ1905 የከተማዋ ምርት በዓመት አንድ ቢሊዮን ተኩል ቁልፍ ደርሶ ከዓለም ምርት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ታሪክ ሲነገር የሚቀድመው ይህ ነው።

ሥራው ራሱ በዝርዝር ሊታወቅ የሚገባው ነው። ዛጎል አጥማጆች ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ብረት በወንዙ ወለል ላይ በጀልባ ይጎትታሉ፤ አፉን ከፍቶ የተቀመጠው የዛጎል እንስሳ መንጠቆው ሲነካው ደንግጦ ስለሚገጥም በራሱ ጊዜ ይያዛል። ዳር ላይ በተጣዱ በርሜሎች ተቀቅሎ ሥጋው ከወጣ በኋላ ዛጎሉ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ እዚያም እንዲለሰልስ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ቆራጩ ዛጎሉን በአንድ እጁ ይዞ እንደ ቧንቧ በሆነ ክብ መጋዝ ላይ እያስጠጋ ክብ ክብ አድርጎ ያወጣዋል፤ ሴቶቹ በማሽን ቀዳዳውን ይበሳሉ፤ እናቶችና ልጆች ደግሞ ማታ ማታ በየቤታቸው ቁልፉን በካርቶን ላይ ይሰፋሉ። ክብ ክብ ቀዳዳ ያለበት ትርፍራፊ ዛጎል እስከ ዛሬ በወንዙ ዳርና በየሰው ጓሮ ይገኛል።

በ1911 ሠራተኞቹ ማኅበር አቋቁመው የቆረጥነው ሲቆጠር ይጎድልብናል፣ ክፍያውም አነስተኛ ነው ብለው ተነሡ፤ ፋብሪካዎቹ በራቸውን ዘጉ፤ የግዛቲቱ ገዥም ሚሊሺያ ወደ ከተማዋ ላከ። ክርክሩ እስከ ተከታዩ ዓመት ዘለቀ። ወንዙም በበኩሉ እየነጠፈ ነበር። የዛጎል እንስሳ ጫጩቶች ከዓሣ ስንጥብ ላይ ካልተጣበቁ ስለማያድጉ፣ መንግሥት ከከተማዋ በላይ በፌርፖርት ባቋቋመው ጣቢያ ባለሙያዎች ዓሦችን እየያዙ ጫጩቶቹን በስንጥባቸው ላይ እያስያዙ ወደ ወንዙ ይለቋቸው ነበር፤ ቦፕሊ ራሳቸው በዕድሜያቸው ማብቂያ የሠሩት በዚህ ጣቢያ ነው። ጥረቱ የሚደነቅ ቢሆንም ከአጠማመዱ ብዛት ጋር አልተመጣጠነም። በኋላም ፕላስቲክና ዚፕ መጡና የዛጎል ቁልፍ ከገበያ ወጣ።

የመስካቲንን ሕዝብ የማከብርበት ዋነኛ ምክንያት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሆነው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ክላርክ ያሠሩት ቤት ለአረጋውያን የሚሆን ፎቅ ሊሠራበት ሊፈርስ ሲል፣ ነዋሪዎች ተሯሩጠው ቤቱን ሙሉውን ከመሠረቱ አንሥተው ጥቂት ራቅ ወዳለ ቦታ አዛወሩት፤ ፎቁም በክላርክ ስም ተጠራ። ይህ የሆነው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ሳይሆን ጉዳዩ በቆረቆራቸው የከተማዋ ሰዎች ግፊት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የከተማዋ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሱዛን ክላርክ ስም ተሰይሟል፤ አንድ ጊዜ አልቀበልሽም ያላት የከተማዋ ትምህርት ቦርድ ዛሬ ስሟን በበሩ ላይ ጽፎታል። የቁልፍ ሠራተኞቹም ታሪክ መሣሪያቸውና ማሽናቸው ተሰብስቦ በመሐል ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጧል። የውጭ ጋዜጠኞች ግን ወደ መስካቲን የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የቻይናው ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በ1985 ገና የወረዳ ባለሥልጣን ሳሉ እዚያ እንግዳ ሆነው ስለነበረና በ2012 ተመልሰው ስለጎበኟት ነው፤ ያም የከተማዋ እንግዳ ተቀባይነት ምስክር ቢሆንም ከክላርክ ቤተሰብ ታሪክ መቅደም አልነበረበትም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ በየካቲት ወር የጥቁሮች ታሪክ ሲዘከር በምታወጡት ጽሑፍ ከ1954ቱ ውሳኔ ጎን የ1868ቱ የአዮዋ ውሳኔ ከነአመክንዮው እንዲጠቀስ ነው። ሁለተኛው፣ በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን በበጋ ለወጣቶች የሚያዘጋጁት ጉዞ ወደ መዝናኛ ቦታ ብቻ እንዳይሆን ጋዜጣችሁ እንዲያሳስብልን ነው። ከዴሞይን እስከ መስካቲን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ የክላርክ ቤትና የቁልፉ ሙዚየም በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ ስለሚገኙ፣ መቃብራቸውንም ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከዴሞይን፣ አዮዋ